ቅቤ የተቀባው አባ ኮዳ

ጣቢታ ብዙነህ አንገቷን መሸፈን የጀመረችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። እንቅርቱ መጀመሪያ ሎሚ ያክል ነበር፤ ቆይቶ ብርቱካን አከለ፤ ከዚያ ወዲያ እናቷ በፍሬ መለካቱን ተወችና ሰማያዊ ሻርፕ ገዛችላት። ሻርፑ አንገቷ ላይ አርጅቶ ሌላ ተገዛ፣ ሌላውም አረጀ። ሆሳዕና ውስጥ ጣቢታን ያለ ሻርፕ አየሁ የሚል ሰው ከተገኘ ውሸቱን ነው።

እንቅርት በዚያ አገር ብርቅ ሆኖ አይደለም። ከአንጋጫ እስከ ሺንሺቾ ገበያ የወጣ ሰው ባለ እንቅርት ሴት ሳያይ አይመለስም፤ ዞር ብሎ የሚያያትም የለም። የጣቢታ ጥፋት ፊቷ ማማሩ ነው። ሰው ዓይኗንና ጥርሷን አይቶ ደስ እያለው ቁልቁል ይወርድና አንገቷ ላይ ሲደርስ እንደተታለለ ሰው ይናደዳል። “ይህን የመሰለ መልክ እንዲህ ሆኖ ይቅር?” ብሎ ከንፈሩን ይመጥጥላታል። ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ከስድብ ይከፋል፤ ለስድብ ቢያንስ መልስ ይሰጣል።

ድምፅ ነበራት። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የእሷን ያህል ከፍ አድርጎ የሚያዜም አልነበረም። የመዘምራኑ መሪ ግን ከፊት ረድፍ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ኋላ እያለ በመጨረሻ ከአንድ ረጅም ወጣት ጀርባ አቆማት። “የሚፈለገው ድምፅሽ ነው እህቴ፣ መታየቱ ምን ያደርግልሻል?” አላት። ክፋት አልነበረበትም፣ ለእሷ አዝኖ ነው፤ ያ ነው የሚያናድደው። ደርግ መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ ምእመናኑ ደጅ ላይ ቆመው ተላቀሱ። ጣቢታም አለቀሰች፤ ግን ከዚያ ረጅም ልጅ ጀርባ በመገላገሏ ትንሽ ደስ ብሏት እንደነበር ለእግዚአብሔር ብቻ ተናግራለች። አንድ ጊዜም ታጭታ ነበር። እጮኛዋ ሊጠይቃት መጥቶ ወተት ስትቀዳለት ሻርፑ ተንሸራተተ። ወተቱን ጨርሶ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ፤ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ አልመጡም።

እንግዲህ አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲቃረብ አገር ሁሉ ሽር ጉድ ይል ጀመር። አንዱ ከተማ ሐውልት ያቆማል፣ ሌላው አደባባይ ያስጠርጋል። የሆሳዕናው የበዓል ኮሚቴ ደግሞ የአራዊት ማሳያ ላቋቁም ብሎ ተነሣ። ሐሳቡ የሰብሳቢው የጓድ ሳህሉ ነው። ጓድ ሳህሉ በምሥራቅ ጀርመን ጥቂት ወራት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር፤ ከዚያ ያመጣው ዕውቀት የቱ ጋ እንደገባ እንጃ፣ ያመጣው ካላንደር ግን ከቢሮው ግድግዳ ወርዶ አያውቅም። በየወሩ አንድ አውሬ አለበት፤ ዝንጉርጉር ነብር፣ ባለ መስመር የሜዳ አህያ፣ ክንፉን እንደ ጃንጥላ የዘረጋ ወፍ። ሰውዬው የአውሬ ውበት ማለት ያ ካላንደር መሰለው። የእኛ አገር ጫካ ከጀርመን ማተሚያ ቤት ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ፈለገ።

ለየገበሬ ማኅበሩ ትእዛዝ ተላለፈ፤ ያማረ እንስሳ በሕይወቱ ተይዞ ይምጣ። ገበሬ ምን ያድርግ፣ ያመጣል። ጉሬዛ መጣ፣ ድኩላ መጣ፣ አነር መጣ፤ እነዚህ እሰይ ተባለላቸው። ጅብም መጣ፣ ከርከሮም መጣ፣ ጃርትም መጣ፤ እነዚህ ደግሞ አጥሩ ባዶ ከሚሆን ለጊዜው ይግቡ ተባለ። ከከተማው ዳር በቆርቆሮና በሽቦ የታጠረ ግቢ ተዘጋጅቶ ጠባቂ ሲፈለግ የአውሬ ኩስ የሚጠርግ ሰው ጠፋ። በየመሥሪያ ቤቱ ውሃ ስታመላልስ የነበረችው ጣቢታ ተጠርታ ሥራው ተሰጣት። እሷ ግን ተደሰተች። ከአውሬ መሐል ሻርፗን ማን ያይባታል?

አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የመጣው ከሾኔ ነው። ያመጣው ዋለ የሚባል የባደዋቾ ገበሬ ነበር። ወፉን እግሩን ጠፍሮ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከበቆሎ ጆንያ ጋር አስሮት መጣ። መናኸሪያ ሲያወርደው ተሸካሚው፣ ትኬት ሻጩ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ግር ብሎ ተነሥቶ ከበበው። አንዱ ክንፉ በገመዱ ተሰብሯል። ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል፤ ራሱ መላጣ፣ ቆዳው ቋቁቻ የወጣበት የመሰለ፣ ከአንገቱ ሥር ደግሞ ያ ስሙን ያወጣለት ረጅም የሥጋ ኮሮጆ ይወዛወዛል። ዋለ ሳቁ አልገባውም። ከብት አርቢ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው ያማረ ማለት ትልቅ ማለት ነው፤ በሬ በግዝፈቱና በጀርባው መወፈር ይመረጣል እንጂ በቀለሙ ማን ይጨነቃል? ያማረ ወፍ አምጣ ሲሉት በአገሩ ካለው ወፍ ሁሉ ትልቁን አመጣ።

“ጓድ፣ ከዚህ የሚበልጥ ወፍ በባደዋቾ የለም” አለ ግቢው ደርሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። “በሬ ቢሆን ኖሮ ሰንጋ ነው።”

ጓድ ሳህሉ ወፉን ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ መጥረጊያ ይዛ የቆመችውን ጣቢታን አየ፤ ፊቱም በራ፣ ቀልድ ሲመጣለት እንዲያ ነው የሚያደርገው።

“ጣቢታ! ነይ እንጂ፣ ወንድምሽ መጥቶልሻል!”

ሳቁ ግቢውን አናወጠው። የግቢው ዘበኛ ወልደኪዳን፣ ከጎንደር በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ ሽማግሌ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዋለ እንኳ ነገሩ ሳይገባው ሳቀ፣ ባለሥልጣን ሲስቅ ዝም ማለት ነውር መስሎት። ጣቢታ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ ወፉን ወደ አጥሩ ጎተተችው።

ጠላችው። እንዲያው ክፉኛ ጠላችው። ከቄራ ያመጣችውን ሳንባና አንጀት ከሩቅ ትወረውርለታለች፤ ውሃውን ስታኖርለት ግማሹን ታፈሳለች። አንድ ቀን ማንም ሳያያት በመጥረጊያው እጀታ ኮሮጆውን ወጋችው። ወፉ አልሸሸም። ወደ ኋላ አንድ እግር ሄዶ ቆመና ምንቃሩን ቀጭ ቀጭ አደረገባት። እግሩም ያናድዳት ነበር፤ በሞቀ ቁጥር የገዛ እግሩ ላይ ይኮሳል፣ እሷ ታጥበዋለች፣ መልሶ ይኮሳል፣ ነጭ ካልሲ ያደረገ ይመስላል።

በሐምሌ አንድ ቀን ግን ምሳዋን ስትበላ ዶፍ ወረደና ከወፉ ጋር በአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠለለች። ሻርፗ ርሶ አንገቷን አሳከካት። ዙሪያዋን አየች፤ ሰው የለም። ፈታችው። ጨምቃ ስታሰጣው ወፉ ራሱን ዘንበል አድርጎ አያት። ፊቷን አየ፣ አንገቷን አየ፣ በእጇ ያለውን ቆጮ አየ፤ ከሦስቱም የፈለገው ቆጮውን ነበር። ጣቢታ መጠበቅ ያለባትን ጠበቀች፤ መደንገጡን፣ ዓይኑን መመለሱን፣ ያችን የማዘን ነገር። አልመጣም። እናቷ እንኳን አንገቷን ስታይ ፊቷ ጥቁር ይል ነበር። ከቆጮዋ ቆርሳ ሰጠችው፤ ያን ቀን ወደደችው። ሌላ ስም ቢፈለግለት አይገኝም፣ ወደደችው ነው። ከዚያ በኋላ ምሳዋን እዚያው፣ ሻርፗን ፈትታ፣ በሰፊው ተንፍሳ ትበላ ጀመር። አንዳንዴም የታሸገውን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር በለሆሳስ ታዜምለታለች፤ ከፊት ረድፍ ቆማ ማለት ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ታላቅ እንግዳ በጳጉሜን መጥቶ ግቢውን መርቆ እንደሚከፍት ተሰማ። ጓድ ሳህሉ የኮሚቴውን አባላት አስከትሎ በየአጥሩ ዞረ። እንደ ሙሽራ መራጭ እያስቆመ ያያል። ጉሬዛው፣ “ይቆይ፣ ካባ የለበሰ ይመስላል።” ድኩላዋ፣ “ይህች ዓይኗ ያምራል፣ ትቆይ።” አነሩ ይቆይ። ጅቡ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ያዘ። “ይህንን ለእንግዳ እናሳይ? ለዓይን የማይመች ነገር ሁሉ ከዚህ ግቢ ይጥፋ!”

ለምን ወደ ጫካው አይመለሱም ያለ ሰው አልነበረም። ወልደኪዳን ጅቡን በቆመበት፣ በሽቦው ቀዳዳ ተኮሰበት፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የመጀመሪያው ጥይት ወገቡን ነው የመታው፣ ጅቡም በፊት እግሮቹ እየተጎተተ አጥሩን ዞረ። ኮሚቴው ቆሞ አየ። ለከርከሮው ጥይት አይባክንም ተብሎ በመጥረቢያ ተመታ፤ ገመዱን እንድትይዝ የታዘዘችው ጣቢታ ናት፣ ይዛለች። ያንኑ ከርከሮ ጠዋት ቂጣ አጉርሳው ነበር። ጃርቱን ዘበኞቹ ጠብሰው በሉት።

ከዚያ አባ ኮዳው ጋ ደረሱ።

“ይህ ገና አልሞተም?” አለ ጓድ ሳህሉ።

ጣቢታ ገመዱን ጥላ በመሐላቸው ቆመች። እሷ ለሹም ተናግራ አታውቅም። “ጓድ ሳህሉ፣ እባክዎ፣ ይህ እንኳን ይቆይልኝ። ምንም አይል፣ ምንም አያስቸግር። እኔው ከቤቴም ቢሆን አበላዋለሁ።”

“ምኑ ይታያል? ምን ያምርበታል?”

“ትልቅ ነው።”

ሳቁ እንደገና ፈላ። ጓድ ሳህሉም ደስ አለው፤ ደም ያየ ሰው ትንሽ ሳቅ ሲያገኝ ቸር ይሆናል። “በይ እሺ፣ አሳምሪው! እንግዳው እስኪመጣ ካማረ ይኖራል፤ ካላማረ ጋሽ ወልደኪዳን አለልሽ” አለና ሄደ። ከግቢው ሳይወጣ የተናገረውን ረስቶታል። እሷ ግን ቃል መሰላት። ምስኪን፣ በዚያ ዘመን የሹም ቀልድ ቃል መሰላት።

እንዴት ታሳምረው? ጣቢታ የምታውቀው ማሳመር አንድ ነው። በአባቷ አገር ከብቱ ለትልቅ ቀን ሲወጣ ቀንዱና ጀርባው ቅቤ ይቀባል፤ ቅቤ የጠጣ ጠጉር በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ባለቤቱ በሬውን ሳይሆን ራሱን የተቀባ ያህል ደረቱን ይነፋል። እናቷ ዘንድ ሄዳ በማሰሮ የተቀመጠውን ቅቤ ለመነች። ያ ዓመት ሰው በየመንገዱ በረሃብ የሚወድቅበት ነበር፤ ገበያ ላይ ቅቤ ተፈልጎ አይገኝም። እናቷ ለልጇ አንገት መድኃኒት መስሏት ሙሉውን አንስታ ሰጠቻት።

ወፉን በሳሙና አጠበችው። ሲደርቅ ቅቤውን በእሳት አለሳልሳ ከጀርባው ጀምራ ላባውን አንድ በአንድ ቀባችው፤ ክንፉን ዘርግታ ከሥሩ፣ ደረቱን፣ ጭኑን፣ መላጣ ራሱን ሳይቀር። ዝም ብሎ ተቀባላት። እየቀባችም ታወራው ነበር፤ ልጅ እንደምታስጌጥ እናት። በየቀኑ እየደገመች ቀባችው። ግራጫው ጀርባ በእርግጥም ሰማያዊ ሆኖ አብረቀረቀ። ለወፍ ላባ ቅቤ ምን እንደሚያደርግ የሚነግራት ሰው በግቢው አልነበረም፤ ኮሚቴውም አያውቅ፣ ዘበኛውም አያውቅ፣ እሷም አታውቅ።

እንግዳው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ጓድ ሳህሉ ጠዋት ብቅ አለ። ወፉን አይቶ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። “ወይ ጉድ! አማች ቤት የሚሄድ አስመሰልሽው እኮ! በይ ይኑር፣ ገድለን ምን እናገኛለን” አለ።

ያን ጠዋት ጣቢታ የበላችው እህል አልነበረም፣ ግን ጠገበች። መዝሙሯን ጮክ ብላ ነው ያዜመችው፤ ወልደኪዳን እንኳ፣ “ኧረ ልጄ፣ ኋላ ታሳስሪኛለሽ” ብሎ ተቆጣት።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ፣ በረዶ ቀላቅሎ። ውሃ ከአባ ኮዳ ጀርባ ላይ እንደ ወትሮው ተንከባሎ አልወረደም፤ በቅቤ የተጣበቀው ላባ ተለያይቶ ውሃውን እስከ ቆዳው አስገባው። ወፉ በቅጽበት ግማሽ ሆነ፣ አጥንቱ ታየ፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣቢታ በሻርፗ አደረቀችው። ከዚያስ? ብርድ የመታውን ሰው በቅቤ ነው የሚያሹት። የተረፈውን ቅቤ አሙቃ እንደገና ቀባችው።

በማግስቱ ወፉ ቆሟል፤ መቆሙ ግን ለመውደቅ ጉልበት ያጣ ነበር የሚመስለው። ሳንባውን አልነካም። ጠረኑ ከፍቷል፣ ዝንብ ወሮታል። ጣቢታ ደረቱ ላይ እጇን አድርጋ ሳለ ጓድ ሳህሉ አንዲት የኪነት ቡድን ልጅ አስከትሎ ደረሰ። ገነቴ ትባላለች፤ አንገቷ እንደ ብርሌ የቀጠነ፣ የባህል ልብስ የለበሰች።

“ጣቢታ፣ ዛሬ የአራዊቱ ጠባቂ ገነቴ ናት። አንቺ ለጊዜው እዚያ ግቢ” አላት። ያመለከተው የጅቡን በረት ነበር። አጥሩ ለእንግዳው ሲባል በአዲስ ቆርቆሮ ተሸፍኗል።

“ጓድ፣ ወፉ አሞታል፤ አጠገቡ ልሁን።”

“ግቢ አልኩሽ።” ዓይኑን በጨው አጥቦ ጨመረላት፣ “ለእንግዳ ዓይን ሲባል ነው፣ አትቀየሚ።”

ገባች። ወልደኪዳን በውጭ ቀረቀረባት። መሬቱ ላይ የጅቡ ደም ደርቆ ነበር፤ ቆማ ነው የዋለችው።

እንግዳው በመኪና ሰልፍ መጣ። ጭብጨባ፣ መፈክር፣ የኪነት ዘፈን። ጉሬዛውን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ድኩላዋንም አየና ሰዓቱን ተመለከተ። እንዲህ ያለውን ብዙ አይቶ ስልችት ብሎታል። አባ ኮዳው ጋ ሲደርስ ግን ቆመ።

“ይህ ምን ተቀብቶ ነው?”

ገነቴ የተነገራት እንኳን ደህና መጡ እንድትል ብቻ ነበር። ፈራች። “እኔ እንጃ ጓድ፣ የምትጠብቀው ሌላ ናት። እዚያ ውስጥ ናት።”

በረቱ ተከፈተ። ጣቢታ በብርሃኑ ዓይኗን እያሻሸች ወጣችና በማንም ሳትታዘዝ ሮጣ ወፉን አቀፈችው። እንግዳው ወፉን አየ፣ የወፉን ኮሮጆ አየ፤ ከዚያ ከተገለበጠው ሻርፕ ሥር የሚታየውን አየ። ከሆዱ ሳቀ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሹም ሳቀ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ እንዲያ እያለ በማዕረግ እየወረደ እስከ ወልደኪዳን ደረሰ።

“ፎቶ! ፎቶ አንሺው የት አለ?” አለ እንግዳው። “ሻርፑ ይውለቅ እንጂ።”

ሻርፑን ያወለቀው ጓድ ሳህሉ ራሱ ነው። ከሰዎቹ መሐል፣ “እሰይ!” ያለ ነበር። ጣቢታ ግን ያን ጊዜ ሳቁን አልሰማችም፣ የሻርፑን መውለቅም ልብ አላለችም፤ እጇ ከወፉ ደረት ሥር የልቡን ምት እየተከተለ ነበር። ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ አንዴ መታ ያደርጋል። ፎቶ አንሺው፣ “ቀና በይ… ወፉንም ቀና አድርጊው” ሲላት መታ ያደርግ የነበረው ቀረ።

አወቀች። በክንዷ ላይ ያለው ክብደት ተለወጠ፤ ረጅሙ አንገት ሊዘረር ሲል በመዳፏ ከሥር ደግፋ አቆመችው።

እንግዳው ደስ ብሎታል። “ጓድ ሳህሉ፣ ይህችን ለምን ትደብቃለህ? ሚዳቋና ድኩላ የትም አለ። እነዚህን ሁለቱን በአንድ አጥር አድርገህ አቆይልኝ፤ ሰው ከዚህ በላይ ምን አይቶ ይስቃል? አንቺ፣ ወፍሽ ይኖርልሻል፣ ማንም አይነካብሽም። ደስ አለሽ? እስቲ ፈገግ በይ።”

ጣቢታ በመዳፏ የሞተውን ራስ ወደ ፎቶ አንሺው ቀና አደረገች። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጓድ” አለችና ፈገግ አለች።

መኪኖቹ ወጥተው ድምፃቸው ሳይርቅ ጓድ ሳህሉ መጥቶ የወፉን ምንቃር በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ራሱ ተንጠለጠለ።

“ይህ እኮ ሞቷል! ጣይው!”

“ይኖራል ተብሏል” አለች። ራሱን መልሳ አቀናችው። “ጓድ፣ ሁለታችንም እንድንኖር ተብሏል።”

ወልደኪዳን ወፉን ከክንዷ ፈልቅቆ ለመውሰድ ሌላ ሰው መጥራት ነበረበት።